ታክሲ የነበረው ቡፌ

አብነት ሰፈር ውስጥ ሰው በቤቱ የፈለገውን ማድረግ ይችላል፤ የቤት ዕቃ ቀለም መቀባት ግን ብቻውን አይችልም። ቤታችን ውስጥ ቡፌው ባለበት ብሩሽ የሚያወዛውዝ ክንድ ቦታ አያገኝም፤ ስለዚህ ቡፌው መውጣት አለበት። ቡፌ ደግሞ በድብቅ አይወጣም። ጥቂት ሰው ይሸከመዋል፣ ብዙ ሰው «ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ!» እያለ ያዛል፣ አማቴ ደግሞ ከኋላ ሆነው «መስታወቱን!» ይላሉ። ግቢው መሀል ካረፈ በኋላ የኔነቱ ያበቃል። ልብስ የምታሰጣው፣ ጀሪካን ይዛ ቧንቧ የምትጠብቀው፣ መፋቂያውን እንደነከሰ ወደ ሽንት ቤት የሚሄደው ሁሉ ቆም ይልና «ምን ልትቀባው ነው?» ይላል። መልሱን የሚጠብቅ የለም። ጥያቄው መግቢያ ነው፤ ምክሩ ከኋላው ይመጣል።

ቤቱ የቀበሌ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን አማቴ ተከራይ ነበሩ፤ ከአዋጁም በኋላ ተከራይ ሆነው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ላይ ሚስማር ለመምታት እንኳ ማመልከቻ የሚያስፈልግ ይመስላቸዋል። የመድኃኔዓለምን ሥዕል ለመስቀል የቀድሞውን ሚስማር ነው የተጠቀሙት። ቡፌውን በተመለከተ ግን ፍርሃት የሚባል ነገር አያውቁም። «ትርፍ ቤት ተባለ እንጂ ትርፍ ቡፌ የሚል አዋጅ አልወጣም» ይላሉ። በዚህ ግቢ ውስጥ እንዳሻን ልናደርገው የምንችለው ንብረት እሱ ብቻ ስለሆነ መሰለኝ ቤተሰቡ እየተነሣ ሲቀባው የኖረው።

ሲሠራ ቀለም የሚባል አልነካውም። ከላይ ሁለት የመስታወት በር፣ ከታች ሁለት የእንጨት በር ያለው፣ በጎማላካ ተወልውሎ ፊት የሚያሳይ የዋንዛ ቡፌ ነበር። ጎማላካ ግን አንድ አመል አለው። አናጢው በስፒሪቶ አሟሙቶ ነው የሚቀባው፤ ከደረቀም በኋላ የመጣበትን አይረሳም። ዓመታት ቢቆይ እንኳ አልኮል ሲያገኝ ተመልሶ ይቀልጣል። በአማቴ መልስ ዕለት አንድ የአጎት ልጅ የደብረ ብርሃን አረቄ የሞላበትን ብርጭቆ ቡፌው አናት ላይ ደፋ፤ ደንግጦ እንዳይታይበትም ሰሃን ከደነበት። እንግዳው ሲጨፍር ያድራል፣ አረቄው ከሰሃኑ ሥር ሥራውን ይሠራል። ጠዋት ሰሃኑን ሲያነሡት አልነሣም አለ። ሲላቀቅ ጎማላካውን ይዞት ሄደ። ከሰሃኑ ዙሪያ ደግሞ ትኩስ የቡና ሲኒ የተወው ነጭ ቀለበት ተደርድሮ ነበር፤ ጎማላካ ሙቀትና እርጥበትም አይወድም። ነውሩን ለመሸፈን የመጀመሪያው ቀለም ተቀባ፤ ቡኒ። ዋንዛው ራሱ ቡኒ ነው እኮ! ቡኒን በቡኒ ሸፈኑት።

ሁለተኛው ቀለም የመጣው ከታክሲ ነው። የባለቤቴ አጎት የውይይት ታክሲ ነበራቸው። መኪናዋን ሰማያዊና ነጭ ሲያስቀቡ የተረፈውን ሰማያዊ «ይኼ ከሚደርቅ» ብለው ይዘው መጡ። በአገራችን የቤት ዕቃ ቀለም የሚመረጠው በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ በውበት ሳይሆን በትራፊ። ቡፌው ሰማያዊ በሆነ ማግስት ልጆቹ ከታችኛው ክፍል ሰሃኑን አውጥተው ራሳቸው ገቡበት። ውይይት ፊት ለፊት አስቀምጦ ነበር የሚጭነው፤ እነሱም ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ተቀመጡ። ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ የነበረችው ባለቤቴ ወያላ ሆነች። በሩን በአንድ እጇ ይዛ፣ ግማሽ አካሏን ወደ ውጭ አንጠልጥላ «ሰባተኛ፣ መርካቶ! አንድ ሰው የቀረው!» ትላለች። ከውስጥ «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። የቀኝ በሩ ማጠፊያ እስከ ዛሬ የሚያነክሰው በዚያ ሥራ ነው። እሷም ምሳ ሲደርስ የምትጠራን በዚያው ድምፅ ነው።

ሦስተኛውን ቀለም እኔ ራሴ በተዘዋዋሪ አውቀዋለሁ። ሽማግሌ ልልክ ነው ሲባል አማቴ ታክሲ ፊት ልጃቸውን ሊሰጡ አልፈለጉም። ክሬም አስቀቡት። ጊዜው ነሐሴ መጨረሻ ነበር። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተኖ አይደለም የሚደርቀው፤ ከአየሩ ኦክስጅን እየሳበ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ብርድና እርጥበት ባለበት ደግሞ ጭራሽ ይሰንፋል። ላዩን ሲያዩት ደርቋል፣ ሲደገፉት ገና ነው። የኔ ሽማግሌዎች መሪ አጎቴ ነበሩ፤ አዲስ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ቡፌውን ተደግፈው ተቀመጡ። ነገሩ ረዘመ። ልጅቷ ተፈቅዳ፣ ተመርቆ፣ «በሉ እንሂድ» ሲባል አጎቴ ተነሡ፤ ጋቢው አልተነሣም። ሁለት ሰው ጎትቶ አላቀቀው። እኔ የአማቶቼን ቤት ከማየቴ በፊት የቡፌያቸውን ቀለም በአጎቴ ጋቢ ጀርባ ላይ አየሁት። አማቴ ግን በመልካም ተረጎሙት፤ «ጋብቻው ይጣበቃል ማለት ነው» አሉ።

ሌላ ጸሐፊ ቢሆን እነዚህን ቀለሞች በየመንግሥታቱ ይመድባቸው ነበር፤ ቡኒው የንጉሡ፣ ሰማያዊው የደርግ እያለ። የኛ ቡፌ ፖለቲካ የለውም። የተቀባው በአረቄ፣ በትራፊና በይሉኝታ ነው።

እዚህ ላይ የሆዴን ልናገር። በዚህ ከተማ የብረት በር ቡኒ ይቀባና እንጨት እንዲመስል በብሩሽ ጭረት ጭረት ይደረግበታል። የቤት ዕቃ መደብር ገብታችሁ «እንጨት ነው» የሚባለውን ቁም ሳጥን ብታዩ የተፈጨ እንጨት በኮላ ተጠፍጥፎ፣ ላዩ ላይ የእንጨት ፎቶግራፍ የታተመበት ወረቀት የተለጠፈበት ነው፤ ኤም ዲ ኤፍ ይሉታል። ውሃ ካገኘው ያብጣል፤ ካበጠ አይመለስም። እውነተኛ ዋንዛ ያለው ቤት ደግሞ ዋንዛውን ክሬም ይቀባል፣ በክሬሙ ላይ ዳንቴል ያነጥፋል፣ በዳንቴሉ ላይ ላስቲክ ይሸፍናል፣ በላስቲኩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ያቆማል። ብረቱ እንጨት መሆን አምሮታል፤ ወረቀቱ እንጨት መሆን አምሮታል፤ እንጨት ሆኖ መታየት የተከለከለው እንጨቱ ብቻ ነው።

ይህንኑ ከኔ አሳምረው የሚናገሩት ጋሼ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የግቢያችን አናጢ። ቡፌው እንደወጣ ከኪሳቸው ሰንጢ አውጥተው የበሩን የውስጥ ጠርዝ ትንሽ ፋቁ፣ በምራቅ አረጠቡት፣ አሸተቱት።

«ዋንዛ ነው» አሉ። «ዛሬ ይኼን ከየት ታመጣዋለህ? በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ፣ በቁጥር 94፣ ከመንግሥትና ከክልል ደን ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ መቁረጥ ተከልክሎ ነበር። ሕግ የጠበቀውን እንጨት ነው በክሬም የቀበራችሁት።»

«ጋሼ፣ እኔ ስገባ እንዲህ ነበር» አልኳቸው።

ይህን ንግግር የሰማው ደላላ ጎረቤታችን ጆሮው ቆመ። እስከዚያ ድረስ ለቁራሌው እንድሰጠው ሲመክረኝ የነበረ ሰው ነው። ሕጉ ሲጠቀስ ዋጋው ጨመረ፤ «ዝግባ»ን ሲሰማ፣ ቡፌው ዝግባ ባይሆንም፣ ደግሞ ጨመረ። «ምናለሽ ተራ የማውቀው ሰው አለ፤ እንዳለ ይወስደዋል» አለኝ። ምናለሽ ተራ የማይወስደው ነገር እንደሌለ አብነት ያደገ ሰው ያውቃል። ክዳን የሌለው ድስትና ድስት የሌለው ክዳን እዚያ ይገናኛሉ። የፈራሁት መሸጡን አይደለም። ተሸጦ፣ ተወልውሎ፣ «አንቲክ» የሚል ማዕረግ ተጭኖለት ቦሌ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ባየው ሰላም እለዋለሁ ብዬ ነው።

እንጀራ የሚጋግሩት እትዬ ደግሞ ቡኒ ይሁን ባይ ናቸው። ምክንያታቸው «ቡኒ እድፍ ይችላል» የሚል ነው፤ እስካሁን ከቀረቡት ሁሉ በሳይንስ የተደገፈው እሱ ነው።

ነጭ እንዲሆን የወሰነችው ግን ቨርጂኒያ ያለችው የባለቤቴ እህት ናት። እንግሊዝ አገር አኒ ስሎን የምትባል ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1990 የጠመኔ ቀለም ያለችውን የማያብለጨልጭ ቀለም ካወጣች ወዲህ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ያለው ሕዝብ የአያቱን ቡፌ ከምድር ቤት እያወጣ እቤቱ ይቀባል። ቀብቶም አይተወውም። ከደረቀ በኋላ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ ብዙ ዘመን የኖረ፣ ብዙ እጅ የነካው እንዲመስል። ይህን በስልክ ስታስረዳን ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ግቢው በሙሉ ያዳምጥ ነበር።

«እንዲያውም አዲስ ገዝተው በሰንሰለት የሚደበድቡት አሉ» አለች።

«በሰንሰለት?» አሉ እትዬ ደንግጠው። «ምን አድርጎ?»

ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚያስረጀውን ለእኛ ልጆች በነፃ ያስረጁልናል ማለት ነው። ቀለሙ እዚህ ባይገኝም መላው አይጠፋም። ጀሶ በውሃ በጥብጦ፣ ጓሉን አጥልሎ፣ ከውሃ ቀለም ጋር ቢያዋሕዱት የዚያው ዘመድ የሆነ ድፍን ያለ ነጭ ይወጣል። ላዩን ሰም መቀባት ግን ግድ ነው፤ ያለዚያ እጅ በነካው ቁጥር ይቆሽሻል።

መፋቁ ሊጀመር ሲል ነው ጎረቤታችን የኬሚስትሪ መምህሩ የመጣው። ከሁላችንም ዘግይቶ ይናገራል፤ ሲናገር ግን ሥራ ያስቆማል። የድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ ይገባ እንደነበር ነገረን፤ ቀለሙን ያደምቀዋል፣ ቶሎ ያደርቀዋል። ደርቆ ሲፋቅ የሚበነው አቧራ ግን የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም የሚባልም መጠን የለውም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል።

«የኛ ከደንቡ በፊት የተቀባ ነው» አለ ደላላው።

«ስለዚህ ደንቡ አይመለከተውም» አለ መምህሩ። «እርሳሱ ግን እኛን ይመለከተናል።»

ልጆቹና ነፍሰ ጡሯ ጎረቤታችን ከግቢ እንዲወጡ ተደረገ። የቀረነው አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ከሥሩ ላስቲክ አንጥፈን፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እየነከርን ቀስ አድርገን ፋቅን። እርጥብ ሆኖ ሲፋቅ አይበንም፤ እንደ ጭቃ ሆኖ ይወርዳል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በመጥረጊያ አይጠረግም። እትዬ የተላጠውን ቅርፊት ለምድጃቸው ማቀጣጠያ ሊሰበስቡት ሲሉ መምህሩ ከእጃቸው ነጠቃቸው፤ ጭሱ ከአቧራው ይብሳል አለ። ተቀየሙት። ቀለም ሳይሆን እንጨት ያለበትን ብቻ ለይተን ልንሰጣቸው ብንሞክርም «ይቅርብኝ» አሉ።

በግራ ጎኑ በኩል፣ ወገብ ከፍታ ላይ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ አንዳች ነገር ያዘው። ዝቅ ብዬ ሳይ ክሬሙ ውስጥ ነጫጭ ክር ተጋድሟል። ጥጥ ነው። አንዳንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዳንዱ የተጠማዘዘ፣ ሁሉም በቀለሙ ታሽጎ የደረቀ። የአጎቴ ጋቢ! አማቴን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን ፈልገው መጡና በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው «ይኼማ አይፋቅም» አሉ። ጋሼ ተቃወሙ፤ ከሥር ያለው ዋንዛ በጋቢ ክር ሲሸፈን ማየት አልቻሉም። የተከራከሩትን ያህል እኔና ባለቤቴ በጋብቻ ዘመናችን አልተከራከርንም። በመጨረሻ መዳፍ የምታክል ቦታ ለክሩ ተከለለችለት፤ ዛሬም ጎኑን ያየ ሰው «ይኼን ምነው ዘለላችሁት?» ይለናል።

ለግዢ መርካቶ ወረድኩ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነቅሎ ወደዚህ ባያመጣው ኖሮ እኔ ቀለም ፍለጋ ታክሲ እይዝ ነበር፤ አሁን በእግሬ ነው። «ነጭ ቀለም» አልኩት ባለ ሱቁን። «የምን ነጭ?» አለኝ፤ ለካ ነጭም ዘር አለው። ቢጫ የሚቀናው አለ፣ ሰማያዊ የሚቀናው አለ፣ ደረቅ አለ። «ለቡፌ ነው» ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ምን አጠፋ?» አለ። ጀሶውን፣ ብሩሹን፣ ስፒሪቶውን፣ ቅርፊት ቅርፊት የሆነውን ጎማላካ ያዝኩ። የንብ ሰሙን ይዤ ስገባ እትዬ በር ላይ አገኙኝ። «ለየትኛው ታቦት ነው?» አሉ። ኩርፊያው በዚህ አበቃ።

በዋንዛውና በነጩ መካከል ዕርቅ ያወረደው ጎማላካው ነው። ዋንዛን ነጭ ውሃ ቀለም በቀጥታ ቢቀቡት ከእንጨቱ ውስጥ ያለው ቡናማ ነገር በእርጥበቱ ተነሥቶ በነጩ ላይ ይወጣል፤ ድጋሚ ቢቀቡት ድጋሚ ይወጣል። ጎማላካ ከሥር ከቀደመ ግን መንገዱን ይዘጋበታል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ነጩ ያለ ጎማላካ እንደማይቆም ከታወቀ ጎማላካውን የሚያውቀው ሰው ማን ነው? እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ድርድሩ እንዲህ ሆነ፤ አካሉ በሙሉ በጎማላካ ታሽጎ ነጭ ይቀባል፣ ሁለቱ የእንጨት በሮችና አናቱ ግን ቀለም ሳይነካቸው ዋንዛቸውን ይዘው ይቀራሉ።

የጋሼን እጅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ብሩሽ አልያዙም። አሮጌ የሱፍ ካልሲ ጨብጠው በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቀለሉት፤ ጎማላካውን የውስጡን ካልሲ አጠጡት እንጂ ላዩን አላረጠቡትም። በአውራ ጣት ጫን ብለው ሞከሩት፤ ጠብ አላለም፣ ወዛ ብቻ። ከዚያ የተልባ ዘይት በትንሽ ጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉበትና በሩ ላይ በትልቁ የፈረንጅ ስምንት እየጻፉ ሄዱ፤ ስምንት፣ በስምንቱ ላይ ስምንት፣ እጃቸው አንዴም ሳይቆም። ቢቆም ጨርቁ ይጣበቅና የተቀባውን ይቦጭቃል። እንጨቱ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ ከዚያ ከውስጥ እንደ ጠጅ ብርሌ በራ።

«ከምን ነው የሚሠራው ይኼ ነገር?» አሉ እትዬ።

«ህንድ አገር ዛፍ ላይ የምትኖር ትንኝ የምታክል ነፍሳት ናት፤ ከሰውነቷ የምታወጣው ነው።»

እትዬ ጥቂት አሰቡ። «የፍስክ ነዋ!»

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ጋሼ ሥራቸውን አላቋረጡም፤ ይህ ነገር ከረሜላና የመድኃኒት እንክብል ላይ ሳይቀር እንደሚቀባ መምህሩ ሲነግራቸው ግን እትዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ የደም ግፊታቸውን ክኒን እያገላበጡ ያዩታል።

የታችኛው ክፍል ውስጡ ሰማያዊ እንደሆነ ቀርቷል። መምህሩ ያልተላጠ ቀለም ካልተነካ አይበንም ብሎ ስለፈቀደ ነው፤ ባለቤቴ ግን ባይፈቅድም አታስነካም ነበር። በሩ ተቆልፎ ቁልፉ አማቴ መቀነት ላይ ታስሯል፤ የልጅ ልጆቻቸው ስምሪት እንዳያወጡ።

ማታ ዕቃ ስንሰበስብ አማቴ ጨርቆቹን ቆጠሩ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ሲደርቅ ራሱ ይግላል፤ መውጫ ካጣ ያለ ክብሪት ይነዳል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲቃጠል ጭሱን ላየ የመርካቶ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ጨርቆቹ ባልዲ ውኃ ውስጥ ገቡ፤ አማቴ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥተው ባልዲውን አዩት።

የቀለሙ ቆርቆሮ ገና ሲከፈት ጀምሮ ባለቤት አግኝቶ ነበር፤ ለደላላው እናት የጤና አዳም መትከያ ሊሆን። ነገር ግን ውስጡ ገና ነጭ ቀለም ተርፏል፤ ቆርቆሮው ደግሞ ባዶውን ነው የተፈለገው። እትዬ ዱካቸውን አመጡ፤ ተቀባች። የቆጣሪው ሳጥን ተቀባ። ደላላው የሞባይል ካርድ የሚሸጥባትን ጠረጴዛ አመጣ፤ አንድ እግሯ ላይ ሲደርስ «ይብቃት፣ ሦስቱ አይታዩም» አለ። የመጨረሻዋ ጭላጭ የጋራ ሽንት ቤታችን በር ላይ ዋለች።

በማግስቱ የባለቤቴ እህት በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን ወደ ቡፌው ሳዞረው አየችና «ቆንጆ ነው፤ እንጨቱን ግን ለምን ተዋችሁት?» አለች። ጋሼ እንዳይሰሙ ስልኩን ወደ ሌላ አዞርኩ።

«ውይ! ያኛውስ? ያ ነጭ በር! እንዴት ደስ ይላል! የማነው?»

«የሁላችንም ነው» አልኳት።

«ጠርዙን ትንሽ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጉት እሺ? ያረጀ እንዲመስል።»

እትዬ ከጀርባዬ ማሰሻቸውን ይዘው ቆመው ነበር። «ክረምቱ ይግባ በላት» አሉ።